የካሉብ ጋዝ መብራት ይሁን ወይስ ማዳበሪያ?

ጥያቄ፦ «የምኖረው በሶማሌ ክልል ቆራሄ ዞን ነው። የግመል ወተትና ለስላሳ የማቀዘቅዝበት ሱቅ አለኝ፤ ሥራዬ የሚንቀሳቀሰው በናፍጣ ጄኔሬተር ነው። ካሉብ ቅርባችን ነው፤ ጋዙም ወጣ እየተባለ ነው። በዚህ ጋዝ ኤሌክትሪክ አመንጭተን ክልሉን በሙሉ ማብራት ስንችል ለነፋስና ለፀሐይ ገንዘብ ማፍሰስ ለምን አስፈለገ? ሌላው ደግሞ ዓለም ወደ ታዳሽ ኃይል እየሄደ ስለሆነ ጋዙ መሬት ውስጥ ይቅር ይላል። የቱ ነው ትክክል? እኔስ የፀሐይ ፓነል ልግዛ ወይስ ጋዙን ልጠብቅ?»

ምላሽ፦

የሱቅዎ ጉዳይ ውሎ የሚያድር ስላልሆነ ከእሱ ልጀምር። ፓነሉን ይግዙ፤ ጋዙን አይጠብቁ። አነስተኛ የሱቅ ጄኔሬተር አንድ ኪሎዋት ሰዓት ለማመንጨት ከአንድ ሦስተኛ እስከ ግማሽ ሊትር ናፍጣ ይጨርሳል። ናፍጣው ደግሞ ከጅቡቲ ተነስቶ እርስዎ ዘንድ እስኪደርስ በየእጁ ዋጋ እየጨመረ ነው የሚመጣው። የማቀዝቀዣ ሥራ ደግሞ ለፀሐይ በጣም ይመቻል፤ ሙቀቱ የሚበረታበትና ፓነሉ አብዝቶ የሚያመነጭበት ሰዓት አንድ ነው። ፍሪዘሩ ቀን ቀን በረዶ እንዲሠራ ካደረጉት በረዶው ሌሊቱን ያሻግርዎታል፤ የባትሪ ወጪዎም ይቀንሳል። ሁለት ነገር ግን ይጠንቀቁ። የፍሪዘር ሞተር ሲነሳ የሚስበው ኃይል በሥራ ላይ ሳለ ከሚስበው ብዙ እጥፍ ስለሆነ ኢንቨርተሩ (የፓነሉን ኃይል ፍሪዘሩ ወደሚጠቀምበት ኤሌክትሪክ የሚቀይረው መሣሪያ) በዚያ ልክ መመረጥ አለበት፤ ብዙ ሰው ለኪሳራ የሚዳረገው እዚህ ጋ ነው። ባትሪውም ሊቲየም አይረን ፎስፌት ቢሆን ይሻላል፤ የቆላ ሙቀት የእርሳስ ባትሪን ዕድሜ ያሳጥራል። ጄኔሬተሩን ግን አይሽጡት፤ ለደመናማ ቀን ይቆይ።

ጋዙ ለምን ቶሎ አይደርስልዎትም? መስከረም 22 ቀን 2018 ዓ.ም. ካሉብ ላይ የተመረቀው የመጀመሪያ ምዕራፍ በዓመት 111 ሚሊዮን ሊትር ፈሳሽ የተፈጥሮ ጋዝ የማምረት አቅም ያለው ነው። ቁጥሩ ሲሰማ ግዙፍ ይመስላል። ፈሳሽ ጋዝ በሊትር የሚይዘው ኃይል ግን ከናፍጣ ስለሚያንስ፣ ያ ሁሉ ተደምሮ ከ70 ሚሊዮን ሊትር ናፍጣ አይበልጥም። ይህም ሀገሪቱ በዓመት ከምታስገባው ነዳጅ ከመቶ ሁለት እጅ እንኳ አይሞላም። ጋዙ ፈሳሽ ሆኖ የሚቆየው ከዜሮ በታች 162 ዲግሪ ሲቀዘቅዝ ነው፤ የሚጓጓዘውም በልዩ ቦቴ ነው። ከካሉብ የሚወጣው በአብዛኛው ሚቴን በመሆኑ ለማብሰያ በሲሊንደር ከሚሸጠው ቡቴንና ፕሮፔን ይለያል። ስለዚህ ከጉድጓዱ በቅርብ ርቀት የሚኖር ሰው እንኳ ነገ ተነስቶ ሲሊንደሩን የሚሞላበት ነገር አይደለም።

አሁን ወደ ትልቁ ጥያቄዎ። የእኔ አቋም ይህ ነው፦ ጋዙ ይውጣ፤ ግን በሽቦ የሚመጣ ኤሌክትሪክ ሊሠራው በማይችለው ሥራ ላይ ይዋል። የክልሉ መብራት ዋና ምንጭ ከግድቦች የሚመጣው ኃይል፣ የክልሉ ነፋስና የክልሉ ፀሐይ ይሁን፤ ጋዝ የሚቃጠለው ድርቅ ሲመጣ ብቻ ይሁን። ይህን የምለው ሒሳቡን ስለሠራሁት ነው፤ ቁጥሩን አብረን እንየው።

አንድ ሚሊዮን ቢቲዩ የሚባለውን የጋዝ መለኪያ እንውሰድ። ይህ መጠን 28 ሊትር ገደማ ናፍጣ ከሚሰጠው ኃይል ጋር እኩል ነው። ናፍጣው ወደብ ላይ በሊትር 70 የአሜሪካ ሳንቲም ቢገዛ፣ በጋዝ የሚሄድ አንድ ከባድ መኪና በእያንዳንዱ ሚሊዮን ቢቲዩ 20 ዶላር ያህል የውጭ ምንዛሪ ያድናል ማለት ነው። ሁለተኛው መንገድ ማዳበሪያ ነው። አንድ ቶን ዩሪያ ለማምረት 24 ሚሊዮን ቢቲዩ ገደማ ጋዝ ያስፈልጋል። ዩሪያ በቶን 400 ዶላር ቢሆን፣ አንዱ ሚሊዮን ቢቲዩ ወደ 17 ዶላር የሚጠጋ ምርት ይሆናል። ሦስተኛው መንገድ ኤሌክትሪክ ነው። ጥሩ የጋዝ ማመንጫ ከዚያው መጠን 147 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ያወጣል። ኢትዮጵያ ለኬንያ 200 ሜጋዋት የምትሸጥበት የ25 ዓመት ውል በኪሎዋት ሰዓት 6.5 የአሜሪካ ሳንቲም ነው፤ በዚህ ዋጋ ቢሸጥ 9 ዶላር ተኩል ያህል ነው የሚያስገኘው። የፋብሪካ፣ የማቀዝቀዣና የማጓጓዣ ወጪ በየመንገዱ ስለሚለያይ እነዚህ ጥሬ ቁጥሮች ናቸው። የነዳጅና የማዳበሪያ ዋጋም ይወጣል ይወርዳል። ቅደም ተከተሉ ግን በቀላሉ የሚገለበጥ አይደለም፤ ልዩነቱ እጥፍ ነውና።

ኤሌክትሪክ መጨረሻ ላይ የመጣውም ምትክ ስላለው ነው። ዩሪያ ለማምረት ዛሬ ከጋዝ የረከሰ መንገድ የለንም። የድሬዳዋ ሲሚንቶ ፋብሪካዎች ምድጃም ኃይለኛ ሙቀት ይፈልጋል፤ እዚያ ጋዝ የሚተካው የድንጋይ ከሰል ነው፣ ይህ ለአየሩ ይበጃል። በጅቡቲ መስመር ላይ የሚመላለሱት ከባድ መኪኖችም እንደዚያው ናቸው። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከልክሏል፤ ጭነት የሚስበው ተሳቢ ግን በአንድ ጀምበር ወደ ባትሪ አይዞርም። አምፖል፣ ፍሪጅ፣ የውሃ ፓምፕና ምጣድ ግን ኤሌክትሪኩ ከየት እንደመጣ ግድ የላቸውም።

የክምችቱንም መጠን መዘንጋት የለብንም። ለካሉብና ሂላላ ለተባለው ለሌላው የክልሉ የጋዝ ቦታ ሲጠቀስ የኖረው ግምት 4 ትሪሊዮን ኪዩቢክ ጫማ ገደማ ነው፤ ከዚያ በላይ የሚሉም አሉ። ነሐሴ 2017 ዓ.ም. ከዳንጎቴ ግሩፕ ጋር ስምምነት የተፈረመበት የጎዴው የማዳበሪያ ፋብሪካ በዓመት 3 ሚሊዮን ቶን ዩሪያ እንዲያመርት የታሰበ ነው። ይህ ብቻውን በዓመት 70 ቢሊዮን ኪዩቢክ ጫማ ያህል ይፈልጋል። ሁለተኛው የፈሳሽ ጋዝ ምዕራፍ በዓመት 1.33 ቢሊዮን ሊትር ነው የተባለው፤ ያ ደግሞ ወደ 28 ቢሊዮን ይጠጋል። ከእነዚህ ጋር 1,000 ሜጋዋት የጋዝ ኃይል ማመንጫም በዕቅድ ተይዟል። እሱ አብዛኛውን ዓመት ከሠራ 50 ቢሊዮን ገደማ ይበላል። ደምሩት፤ ወደ 150 ቢሊዮን ነው። መሬት ውስጥ ካለው ሁሉ የሚወጣው ከፊሉ ስለሆነ፣ ሦስት አራተኛውን ማውጣት ቢቻል ጋዙ 20 ዓመት ብቻ ነው የሚቆየው። ማመንጫውን ለድርቅ ጊዜ ብቻ ብንይዘው ግን ማዳበሪያውና የመኪናው ነዳጅ አሥር ዓመት ያህል ተጨማሪ ዕድሜ ያገኛሉ። ዛሬ አንደኛ ክፍል የሚገባ የሺላቦ ልጅ ጋዙ ሲያልቅ ገና ሠላሳ ዓመት አልሞላውም ወይስ ልጆች አሳድጓል የሚለውን የሚወስነው ይህ ምርጫ ነው።

ታዲያ ነፋስና ፀሐይ ይቆራረጣሉ አይደል? ይቆራረጣሉ። ብዙ ሀገሮች ይህን ለመሸፈን ጋዝ ያቃጥላሉ ወይም ትልልቅ ባትሪ ይገዛሉ። እኛ ግን ከዘጠና ከመቶ በላይ ኤሌክትሪካችን ከውሃ የሚመጣ ሕዝብ ነን። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የሕዳሴ ግድብ 5,150 ሜጋዋት ነው፤ ግልገል ጊቤ ሦስት 1,870 ሜጋዋት ነው። ግድብ ማለት ጎተራ ነው። ፀሐይ በምትበረታበት ቀትር የውሃ ተርባይኖቹን ቀነስ ማድረግ፣ ማታ ምጣድ ሲጣድ መልሶ መልቀቅ የደቂቃዎች ሥራ ነው። ነፋስ ያመነጨው እያንዳንዱ ኪሎዋት ሰዓት በግድቡ ውስጥ የቀረ ውሃ ነው። የኦጋዴን ሜዳ ነፋስ በጣም የሚበረታው ከሰኔ እስከ ነሐሴ ሲሆን፣ ያኔ ደጋው ላይ ዝናብ ግድቦቹን እየሞላ ነው። ነፋሱ እየሠራ ውሃው ይጠራቀምና ለበጋው ይቀመጣል። ይህ ጥምረት በዓለም ላይ ጥቂት ሀገሮች ብቻ ያላቸው ዕድል ነው፤ ሳንጠቀምበት ጋዝ ብናቃጥል ያሳዝነኛል።

በሶማሌ ክልል በጅቡቲ ድንበር አካባቢ ያለው የአይሻ ነፋስም ቦታው ራሱ ሀብት ነው። አይሻ ሁለት የተባለው ፕሮጀክት 120 ሜጋዋት ነው፤ በዚያው አካባቢ አሜአ ፓወር የተባለው የኤምሬትስ ኩባንያ 300 ሜጋዋት ለመገንባት ተስማምቷል። የሕዳሴ ግድብ ካለበት ከጉባ እስከ ሶማሌ ክልል ያለው ርቀት ግን ብዙ ነው፤ ረጅም መስመር በመንገድ ላይ ኃይል ያባክናል፣ ጫፉ ላይም ቮልቴጁ ይደክማል። ምሥራቁ ጫፍ ላይ የሚሽከረከር የነፋስ ማመንጫ የድሬዳዋን ፋብሪካዎች፣ በኤሌክትሪክ የሚሄደውን የአዲስ አበባ ጅቡቲ ባቡርና ወደ ጅቡቲ የሚሸጠውን ኃይል በቅርብ ይደግፋል።

ጋዙ ለመብራት ምንም አያስፈልግም እያልኩ አይደለም። ግንቦት 2011 ዓ.ም. የጊቤ ሦስት ውሃ ቀንሶ መላው ሀገር በፈረቃ ሲበራ ያየ ሰው በውሃ ብቻ መተማመን ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል። ያኔ ለሱዳን የሚላከው ኃይል ሳይቀር ቆሞ ነበር። ዝናብ በከዳ ዓመት የሚነሱ፣ በሌላው ዓመት የሚያርፉ የጋዝ ተርባይኖች ቢኖሩን መልካም ነው። እንዲህ ዓይነቶቹ ተርባይኖች ከትልቁ ማመንጫ ይልቅ ለመግዛት ርካሽ ናቸው፤ ጋዝ በብዛት ቢበሉም የሚሠሩት ጥቂት ወራት ስለሆነ ጉዳቱ ትንሽ ነው። ቁም ነገሩ ያለው ውሉ ላይ ነው።

ውል ስል የጋናን ነገር ማንሳት አለብኝ፤ ለእኛ ከእሷ የሚቀርብ ምሳሌ የለምና። ጋናም እንደኛ በአኮሶምቦ ግድብ ላይ የቆመች ሀገር ነበረች፤ ከዚያ የራሷን ጋዝ አገኘች። እ.ኤ.አ. በ2015 አካባቢ መብራት በየቀኑ ሲጠፋባት በጥድፊያ ከግል አመንጪዎች ጋር ብዙ ውል ፈረመች። አብዛኛው ውል ኃይሉን ብትወስድም ባትወስድም ትከፍላለህ የሚል ነበር። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንደሚባለው፣ እ.ኤ.አ. በ2019 የጋና የገንዘብ ሚኒስትር ሀገሪቱ ላልተጠቀመችበት ኃይል በዓመት ከ500 ሚሊዮን ዶላር በላይ እየከፈለች እንደሆነ ለፓርላማው ተናገሩ። የእኛም 1,000 ሜጋዋት በዚህ ዓይነት ውል ከታሰረ፣ ዝናቡ በጠገበ ዓመት የሕዳሴን ውሃ በማፍሰሻው እየለቀቅን የጋዝ ኤሌክትሪክ በዶላር ልንከፍል እንችላለን። ክልሉም ፌዴራሉም ከሁሉ አስቀድመው ሊመረምሩት የሚገባው አንቀጽ ይህ ነው።

ታዳሽ ኃይሉ ወደኋላ የቀረው ቴክኖሎጂ አጥቶ አይደለም። በ2012 ዓ.ም. መጀመሪያ አክዋ ፓወር የተባለው የሳዑዲ ኩባንያ በአፋር ዲቼቶና በሶማሌ ክልል ጋድ በድምሩ 250 ሜጋዋት የፀሐይ ማመንጫ ለመገንባት ያቀረበው ዋጋ በኪሎዋት ሰዓት 2.526 የአሜሪካ ሳንቲም ነበር። ከእርስዎ ጄኔሬተር ጋር ያስተያዩት፤ ለነዳጁ ብቻ ከሚያወጡት አንድ አሥረኛ ገደማ ነው። ፕሮጀክቶቹ ግን አልተገነቡም። ገቢው በብር የሆነ ባለሀብት ብሩን ወደ ዶላር ቀይሮ ብድሩን እንደሚከፍል ማን ያረጋግጥለታል የሚለው ጉዳይ ነበር ትልቁ እንቅፋት። እዚህ ላይ ነው ጋዙ ለፀሐይና ለነፋስ ወንድም ሊሆን የሚችለው። ማዳበሪያ ወደ ውጭ የሚሸጥ ፋብሪካ ዶላር ያስገባል፤ ናፍጣ የተካ ጋዝ ዶላር ያድናል። ከዚያ ዶላር የተወሰነው በሕግ ተለይቶ የነፋስና የፀሐይ ውሎች ዋስትና ቢሆን፣ ጋዙ ሳያልቅ ምትኩን ገንብቶ ይሄዳል። ይህን ሐሳብ በየመድረኩ ባነሳው አይሰለቸኝም።

ለወረዳ ከተሞች ትልቁን መስመር መጠበቅም ትክክል አይመስለኝም። ሕዝቡ ተበታትኖ በሚኖርበት ሰፊ ክልል ለእያንዳንዱ ቀበሌ ከፍተኛ መስመር መዘርጋት ከገቢው ጋር አይመጣጠንም። ለእነዚህ ቦታዎች የሚሆነው ፀሐይ፣ ባትሪና መጠባበቂያ ጄኔሬተር ያለው ሚኒ ግሪድ፣ ማለትም አንድን ከተማ ወይም መንደር ብቻ የሚያበራ አነስተኛ የኤሌክትሪክ መረብ ነው። ዛሬ በየከተማው በግል ጄኔሬተር ለጎረቤት መብራት የሚሸጡት ነጋዴዎች ደንበኛም ሽቦም አላቸው፤ ገንዘብ አሰባሰቡንም ያውቁበታል። ክልሉ እነሱን ከገበያ ከማስወጣት ይልቅ ናፍጣቸውን በፓነል እንዲተኩ ብድር ቢያመቻች ሥራው ይፈጥናል።

ጋዙ ይቅር ለሚሉት ደግሞ መልሴ አጭር ነው። ሀገሪቱ በዓመት 2 ሚሊዮን ቶን አካባቢ ማዳበሪያ ከውጭ ታስገባለች፤ ግማሽ ያህሉ ሕዝቧ ገና መብራት የለውም። ይህን ጋዝ መሬት ውስጥ ተወው ማለት ገበሬው ያንኑ ዩሪያ በሌላ ሀገር ጋዝ ተሠርቶ በዶላር ይግዛ ማለት ነው። እነሱ ትክክል የሆኑበት ነገር ግን አለ፤ ሚቴን። ሳይቃጠል ወደ አየር ያመለጠ ሚቴን በ20 ዓመት ውስጥ ሲለካ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ 80 እጥፍ ያህል ያሞቃል። ቫልቭና መጋጠሚያው የሚያፈስ ፕሮጀክት ናፍጣ ተካሁ ቢል ጥቅሙን ያጠፋዋል። ፍሳሹን በመሣሪያ መለካትና ውጤቱን ለሕዝብ ማሳወቅ በፈቃዱ ውስጥ ግዴታ ሆኖ መጻፍ አለበት።

አሁን የቀረው ከሁሉ የሚያሳስበኝ ነው፤ የአካባቢው ሰው ድርሻ። ካሉብ የተገኘው እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ በአሜሪካው ቴኔኮ ነው። ከዚያ ሶቪየቶች መጡ፤ እ.ኤ.አ. በ2013 የቻይናው ፖሊ ጂሲኤል ውል ወሰደ፤ እ.ኤ.አ. በ2022 ያ ውል ተሰረዘ። በእነዚህ ሁሉ ዓመታት አርብቶ አደሩ ያየው ቁፋሮ፣ አጥርና ወታደር ነበር። ሚያዝያ 1999 ዓ.ም. አቦሌ በሚባለው የነዳጅ ፍለጋ ጣቢያ ላይ በደረሰው ጥቃት ከ70 በላይ ሰዎች ተገድለዋል። እ.ኤ.አ. በ2018 ከመጣው ሰላም በኋላ ይህን ታሪክ ለመዝጋት ዕድል አለ፤ ዕድሉ ግን በንግግር ብቻ የሚጸና አይደለም።

የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 98 ከትላልቅ የማዕድን ሥራዎችና ከማናቸውም የፔትሮሊየምና የጋዝ ሥራዎች የሚገኘው የገቢ ግብርና የሮያሊቲ (ለሚወጣው ሀብት የሚከፈል) ክፍያ የፌዴራሉና የክልሉ የጋራ እንደሆነ ይደነግጋል፤ አከፋፈሉን የሚወስነው የፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው። ክልሉ የሚደርሰውን ገንዘብ ለደመወዝና ለመኪና ግዢ ካዋለው ከ20 ዓመት በኋላ እጁ ላይ የሚቀር ነገር የለም። ለውሃ ጉድጓድ፣ ለሚኒ ግሪድና ለቴክኒክ ኮሌጅ የተለየ ቋት ቢያበጅለት ይሻላል። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2014 ኢአይቲአይ የተባለውን የማዕድንና የነዳጅ ግልጽነት ማኅበር ተቀላቅላለች። የማኅበሩ ደንብ ከጃንዋሪ 2021 ወዲህ የተፈረሙ ውሎች ለሕዝብ ይፋ እንዲሆኑ ያዛል። ስለዚህ እርስዎም የክልሉ ምክር ቤት አባልዎን «የጋዙን ውል አሳየን» ብለው ቢጠይቁ የሚጠይቁት ሀገሪቱ ቃል የገባችበትን ነው። ሲያገኙት ሦስት ነገር ይፈልጉ፦ ኃይሉን ብንወስድም ባንወስድም እንከፍላለን የሚል ቃል አለ ወይ፣ የጋዙ ዋጋ የሚሰላው በምንድን ነው፣ ለአካባቢው ከተሞች የተለየ ድርሻ ተቀምጧል ወይ።

አንድ ነገር ግን ውሉ እስኪገኝ የሚጠብቅ አይደለም። ከጋዝ ጉድጓድ ጋር ጨዋማና የተበከለ ውሃ አብሮ ይወጣል። ግመሉና ፍየሉ የሚጠጡት ከቢርካ (የዝናብ ውሃ ማጠራቀሚያ) እና ከኤላ (የውሃ ጉድጓድ) ነው። ሁለተኛው ምዕራፍ ቁፋሮ ሳይጀምር በካሉብና በሂላላ ዙሪያ ያሉ የውሃ ነጥቦች ሁሉ ናሙና ተወስዶ ከኩባንያው ነፃ በሆነ ቤተ ሙከራ ይመርመር፤ ውጤቱም በሶማሊኛ ተጽፎ ለየቀበሌው ይሰጥ። ቁፋሮው ከተጀመረ በኋላ የሚወሰድ ናሙና ውሃው ቀድሞ እንዴት እንደነበረ ሊናገር ስለማይችል፣ ከብቱ ቢታመም አርብቶ አደሩ ካሣ የሚጠይቅበት ማስረጃ አይኖረውም። የዞኑ ሽማግሌዎች ይህን ጥያቄ ለክልሉ የውሃ ቢሮ ዘንድሮ በጽሑፍ ቢያስገቡ ጊዜው አላለፈም።